ከኦፕንስትሪትማፕ እስከ ማተሚያ ቤት፦ የአዲስ አበባን ካርታ በአማርኛ ማተም

(ለግራፊክስ ዲዛይነሮች፣ ለአስጎብኚዎችና ለማተሚያ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

የሰርግ ጥሪ ካርድ ጀርባ ላይ የምትለጠፈውን ካርታ ታውቋታላችሁ። ሰው ስልኩ ላይ አዳራሹን ይፈልጋል፣ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ይልካል። ቴሌግራም ደግሞ ምስሉን ጨምቆ ያሳንሰዋል። ስትታተም መንገዱ ግራጫ በግራጫ ይሆናል፤ ጽሑፉ አይነበብም። ጎልቶ የሚታየው የአዳራሹ ስም ሳይሆን አጠገቡ ያለ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ነው። እንግዳው መጨረሻ ላይ ደውሎ ነው የሚደርሰው። የሆቴል ብሮሸሩም፣ የሪል እስቴት ባነሩም፣ የጉባኤ ፕሮግራሙም ከዚህ አይሻልም።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በቀላል ሂሳብ ይታያል። የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ደህና ህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ ስክሪኑን ሙሉውን ብታነሱት እንኳ ወረቀት ላይ 16 በ9 ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። ኤ2 ወረቀት ለመሙላት 4961 በ7016 ፒክስል ያስፈልጋል። ግን ፒክስል ማብዛትም ብቻውን አያድንም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ካርታ ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ ነው ያዘጋጀው። የትኛው ስም እንደሚወጣ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚወፍር ተወስኖ አልቋል። እናንተ ያገኛችሁት የውሳኔውን ፎቶ ነው።

ዛሬ የማወራው ውሳኔውን ወደ ራሳችሁ እጅ ስለማምጣት ነው። መሣሪያው ነፃ ነው፤ መረጃውም ነፃ ነው። የሚከብደው መተው ነው። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር መወሰን። ንግግሬም አብዛኛው እሱ ላይ ነው የሚያጠነጥነው።

በቬክተር ካርታ መንገዱ እንደ ሥዕል አይቀመጥም። የሚቀመጠው በኬክሮስና በኬንትሮስ የተለካ የነጥቦች ዝርዝር ነው። ቀለሙንና ውፍረቱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ለካርድም አውጡት ለግድግዳ ባነር፣ ጠርዙ ጥርት እንዳለ ይቀራል።

መረጃው የሚገኘው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ነው። ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ በ2004 እ.ኤ.አ. ጀመረው። በጊዜው የእንግሊዝ መንግሥት የካርታ መረጃ በክፍያና በጥብቅ ፈቃድ ካልሆነ አይገኝም ነበር። እሱም ሰው ሁሉ ጂፒኤስ ይዞ እየዞረ የራሱን ሰፈር ቢመዘግብስ አለ። ዛሬ ዓለምን ያዳረሰ የመረጃ ቋት ሆኗል። የአዲስ አበባም መንገዶች፣ ሕንፃዎች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ የባቡር ጣቢያዎች እዚያ ውስጥ አሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው ያስገቧቸው። አንዳንዱ ሰፈር በጣም ዝርዝር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ነው። የጎደለውን እናንተ ራሳችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ከጎግል ካርታ እየገለበጣችሁ ግን አይቻልም፤ ፈቃዱ ይከለክላል።

አወራረዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እሱን በደንብ ልንገራችሁ። ጀርመን አገር ካርልስሩህ ከተማ ያለ ጂኦፋብሪክ የሚባል ድርጅት የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ በአገር በአገር ቆርጦ በየቀኑ ያወጣል። ኢትዮጵያም አለች። ፋይሉ በተለያየ መልክ ይገኛል። አንዱ ሼፕፋይል ነው፤ ለመክፈት ስለሚቀል ሰው ሁሉ እሱን ያወርዳል። ችግሩ ነፃው ሼፕፋይል ውስጥ ለስም ያለው አንድ ዓምድ ብቻ መሆኑ ነው። እዚያ ዓምድ ላይ አንዱ ቦታ በአማርኛ፣ አንዱ በላቲን ፊደል፣ አንዱ ደግሞ በሁለቱም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የአማርኛው ስም ለብቻው በሌላ ታግ፣ ማለትም በሌላ የመረጃ ምልክት፣ ነው የሚመዘገበው፤ ሼፕፋይሉ ሲሠራ እሱ ይጣላል። ስንት ሰው «ኦፕንስትሪትማፕ አማርኛ የለውም» ብሎ ትቶታል! አለው። ሌላውን ፋይል፣ ፒቢኤፍ የሚባለውን፣ አውርዱ።

ፒቢኤፉን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ስትከፍቱት የአማርኛው ስም አሁንም ወዲያው አይታያችሁም። «አዘር ታግስ» የሚል ዓምድ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ጋር ታጭቆ ነው የሚገኘው። ኪውጂአይኤስ ይህን ዓምድ የሚፈታ ፈንክሽን አለው። የስም መስኩ ላይ «መጀመሪያ የአማርኛውን ስም አውጣ፤ ከሌለ ዋናውን ስም ውሰድ» የሚል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። በቃ፣ ካርታው በአማርኛ ይሞላል። ሥራችሁ ትንሽ ሰፈር ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኩዊክኦኤስኤም የሚባለውን ፕለጊን (የፕሮግራሙን ተጨማሪ መሣሪያ) ጫኑ፤ የምትፈልጉትን ብቻ ከኢንተርኔት ያመጣላችኋል፤ እያንዳንዱን ታግም በራሱ ዓምድ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክቡን መሬት ወደ ጠፍጣፋ ወረቀት ማምጣት። ብዙ አልቆይበትም። መረጃው በዲግሪ ነው የሚመጣው፤ ወረቀት ግን ሜትር ይፈልጋል። ዩቲኤም የሚባለው ሥርዓት ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር ይለካል፤ ለአዲስ አበባ ዞን 37 ሰሜንን ምረጡ። የዞኑ መካከለኛ መስመር 39 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከተማዋ አጠገቡ ስላለች መዛባቱ ከቁጥር አይገባም። ባሕር ዳርና ጎንደርም እዚሁ ዞን ውስጥ ናቸው። ጋምቤላ ግን ዞን 36፣ ጅግጅጋ ዞን 38 ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር። የድሮውን የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት 1፡50,000 ካርታ ስካን አድርጋችሁ ከዚህ መረጃ ሥር ለማንጠፍ ካሰባችሁ፣ ሁሉ ነገር 200 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልተሳሳተም። የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባል ሌላ ዳተም (የመለኪያ መነሻ) የተሠራ ስለሆነ ነው። ለፕሮግራሙ ንገሩት፤ ራሱ ያስተካክለዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከምንም ነገር በፊት የወረቀት መጠንና ስኬል (መሬቱ ስንት እጥፍ አንሶ እንደሚሣል) ወስኑ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። ኤ2 ወረቀት 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1፡50,000 ከሠራችሁ 21 በ30 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይይዛል፤ አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል ትገባለች። በ1፡10,000 ከሆነ የሚይዘው 4.2 በ5.9 ኪሎ ሜትር ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ፒያሳንና ሜክሲኮን ጨምሮ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ አንድን ካርታ ማጉላትና ማሳነስ እንዳይመስሏችሁ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለምን? በ1፡50,000 አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። 10 ሜትር ስፋት ያለው ቤት 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አቧራ ማለት ነው። ሕንፃዎቹን በሙሉ አጥፏቸው። ሲጠፉ አትዘኑ። የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ውስጡን መንገድም እንዲሁ። ቢበዛ ስስ ግራጫ አድርጋችሁ ከበስተ ኋላ አስቀምጡት።

የቀለበት መንገዱን ውሰዱ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሂያጁና ተመላሹ ለየብቻ ነው የተሣሉት። ዳርና ዳር ደግሞ የአገልግሎት መንገድ አለ። ስለዚህ አንድ የምናውቀው ቀለበት መንገድ ሦስት አራት መስመር ሆኖ ይመጣል። በ1፡50,000 እያንዳንዱን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሥሉት፣ አንዱ መስመር ብቻውን 25 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ይደራረቡና ጠርዙ የተጨማለቀ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። መፍትሔው አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ማጥፋት፣ የቀረውንም ማወፈር ነው። አደባባይና ማሳለጫ ያለበት ቦታ ላይ፣ መገናኛን የመሰለ ቦታ ላይ፣ ይህን በእጅ ነው የምትሠሩት። ፕሮግራሙ መንገድ ማቅለል ይችላል፤ መገናኛ ላይ የትኛው መንገድ ለሰው እንደሚጠቅም ግን አያውቅም።

ባቡሩም እንደዚያው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት ሐዲድ ስላለው ሁለት መስመር ሆኖ ነው የተመዘገበው። የሰሜን–ደቡቡና የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ደግሞ ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ባለው መንገድ ያንኑ ሐዲድ ይጋራሉ። የጉዞ መስመሮቹን በአንድ ጊዜ ብታወጡ እዚያ ላይ አራት መስመር ይከመራል። እኔ የምመክረው ሐዲዱን ረስቶ ጣቢያዎቹን መያዝ ነው። ጣቢያዎቹን በነጥብ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው አንድ ወፍራም መስመር ራሳችሁ ሣሉ። ካርታውን የሚያነበው ሰው ባቡሩን መሳፈር ነው የሚፈልገው፤ ሐዲድ ሊቆጥር አይደለም።

ስም ላይ ስንደርስ የአዲስ አበባ ጉዳይ ከሌላው ይለያል። የውጭ አገር የከተማ ካርታ የሚሠራው በመንገድ ስም ነው፤ ሰውም በመንገድ ስም ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ግን «ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት» ነው። መንገዶቹ መደበኛ ስም የላቸውም ማለቴ አይደለም። የቦሌ መንገድ ስሙ አፍሪካ ጎዳና ነው። በ22 በኩል ወደ መገናኛ የሚወስደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ነው። ታክሲ ረዳቱን «አፍሪካ ጎዳና» ብትሉት ግን ዞር ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ የጽሑፉን ቅደም ተከተል መገልበጥ አለባችሁ። መጀመሪያ የሰፈር ስም፣ በትልቁ፦ ካዛንቺስ፣ ሳር ቤት፣ ቄራ፣ 22። ቀጥሎ ምልክት የሚሆኑ ቦታዎች፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሆስፒታል፣ ትልልቅ ሆቴሎች። የመንገድ ስም መጨረሻ ይመጣል፤ በትንሹ።

ሰፈር መረጃው ላይ ነጥብ ብቻ ነው። ድንበር የለውም። ልክም ነው፤ ካዛንቺስ የት እንደሚያልቅ ሁለት ሰው አይስማማም። ችግሩ ፕሮግራሙ ሁሉንም ሰፈር እኩል ማየቱ ነው። መርካቶንና አንዲት ትንሽ ሰፈርን በአንድ ዓይነት ፊደል ያወጣቸዋል። ቦታ ሲጠበው ደግሞ መርካቶን አጥፍቶ ትንሿን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓምድ ጨምሩና ለእያንዳንዱ ሰፈር በእጃችሁ ደረጃ ስጡ። ኤ2 ካርታ ላይ የሚገቡት ሰፈሮች ከአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አያልፉም። ይህን ሥራ ደግሞ የከተማ ልጅ እንጂ ኮምፒውተር አይሠራውም።

አጻጻፉንም አንድ አድርጉ። መረጃውን ያስገቡት ብዙ ሰዎች ናቸው። አንዱ «መድኃኔዓለም»፣ አንዱ «መድሀኒአለም»፣ አንዱ «መድሃኔ ዓለም» ይላል። ስክሪን ላይ ማንም ልብ አይለውም። ካርታው ጀርባ ላይ የስም ማውጫ ስትሠሩ ግን ሥላሴዎቹ ግማሾቹ በሠ፣ ግማሾቹ በሰ ይገቡና ፈላጊው አንዱን አይቶ ሌላውን ያጣል።

ፊደላችን ለካርታ አንድ መልካም ነገር አለው። እንደ ዓረብኛ እርስ በርሱ አይያያዝም። ስለዚህ የወንዝ ወይም የጠመዝማዛ መንገድ ስም በመስመሩ ላይ ሲታጠፍ ፊደሉ አይበላሽም። የሚያስቸግረው ማነሱ ነው። የላቲን ፊደል በ5 ፖይንት ይነበባል። የኛን ግን በዚያ መጠን አትሙትና ቡን ከቢ፣ ቢን ከቤ ለዩ። ልዩነታቸው እግሩ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ ቀለም ትንሽ ሲፈስ ትዋጣለች። እኔ ከ7 ፖይንት በታች አልወርድም። ፎንቱም እግሩና ቅጥያው የጎላ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ስላለው ለካርታ ይመቻል። ለወንዝና ለተራራ ስም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያምራል። የድሮዎቹን ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎች የጋራ የፊደል ኮድ) ያልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች ግን ተዉአቸው። ከኦፕንስትሪትማፕ የሚመጣው ስም ዩኒኮድ ነው፤ እነሱ ላይ ሲለጠፍ ሣጥን ሣጥን ይሆናል።

ስለ ከፍታ ባጭሩ። አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእግር የሚሄድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የከፍታ መረጃው ኤስአርቲኤም ይባላል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር ያነሳችው ነው። በ30 ሜትር ጥራት በነፃ ይገኛል። ከሱ የከፍታ መስመር ማውጣት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። መስመሩ ጥርሳም ሆኖ እንዳይወጣ መጀመሪያ መረጃውን አለስልሱት። መስመሮቹ ሲበዙ ፒዲኤፉ ከመጠን በላይ ይከብዳል፤ በየ20 ሜትሩ ለዚህች ከተማ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ማተሚያ ቤት ደርሰናል። ከኪውጂአይኤስ ስታወጡ ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ ትመርጣላችሁ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ማስተካከል ካሰባችሁ ኤስቪጂ ይመቻል። ግን ተጠንቀቁ። ኤስቪጂ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሄድ መጠኑ ሊቀየር ይችላል፤ አንዱ በኢንች 96 ፒክስል፣ ሌላው 72 ብሎ ያነበዋል። 1፡10,000 ያላችሁት ካርታ ሳታውቁት ሌላ ስኬል ይሆናል። ፒዲኤፍ መጠኑን ይጠብቃል። ለማንኛውም ካርታው ላይ ከቁጥሩ ጎን የስኬል መስመር አስቀምጡ፤ ፎቶ ኮፒ ቢደረግና ቢያንስ እንኳ መስመሩ አብሮ ያንሳል።

ሌላም አለ። ኪውጂአይኤስ ላይ ያማሩትን የጥላና የመደባለቅ ኢፌክቶች አትጠቀሙ። አንድ እንኳ ካለበት ፕሮግራሙ ያንን ክፍል ወደ ፒክስል ይቀይረዋል። ያ ሁሉ ልፋት ተመልሶ ስክሪንሾት ይሆናል ማለት ነው። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ብዙ እጥፍ አጉሉት። የፊደሉ ጠርዝ ከተንቀጠቀጠ የሆነ ቦታ ኢፌክት ቀርቷል።

ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ተሣለ ቅርጽ፣ ለውጣችሁ ላኩ። ማተሚያ ቤቱ ኮረል ድሮው ላይ ሲከፍተው ፎንቱ ከሌለው በሌላ ይተካዋል፤ ካዛንቺስ ሣጥን ሆና ትወጣለች። የሚታረም ቅጂ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ አይታረምም።

ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ ጥቁሩን ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በተለምዶ የሚሠሩት በአርጂቢ (በስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ነው፤ ኦፍሴት የሚያትመው በአራት ቀለም ነው። ጥቁሩ ሲቀየር ከአራቱም ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ይሆናል። አራቱ ፕሌቶች (የየቀለሙ የማተሚያ ሳህኖች) በፀጉር ያህል ከተዛነፉ 7 ፖይንት የሆነ አማርኛ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ያኔ ሰው ፎንቱን ይሰድባል። ፎንቱ ምን አደረገ! ጽሑፉና ስስ መስመሩ መቶ በመቶ ጥቁር ብቻ እንዲሆን ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ፤ ወይም ስክራይበስ በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ራሳችሁ አስተካክሉ። ስስ ግራጫ መስመርም እንዲሁ ያስቸግራል። ግራጫ የሚታተመው በነጠብጣብ ስለሆነ በጣም የቀጠነ መስመር ይቆራረጣል። ትንሽ አወፍሩት፤ ወይም ጥቁር አድርጋችሁ አቅጥኑት።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት በጣም የተጨናነቀውን ቦታ፣ መርካቶን ወይም ፒያሳን፣ በኤ4 ቆርጣችሁ አውጡ። ፕሪንተሩ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን ምርጫ አጥፉ፤ እሱ ስኬሉን ያበላሻል። ስኬል መስመሩን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ዓይኑ ደከም ላለ ሰው በማታ መብራት ስጡትና አንብብ በሉት።

ቅድም ሁለት ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል።

አንዱ፦ «ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው የለም ወይ? ካርታው ወዲያው አያረጅም?» ያረጃል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ሰፍቷል፣ ሰፈር ተነስቷል። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አንዳንዱ ታርሟል፤ አንዳንዱ አልታረመም። ስለዚህ መረጃው የወረደበትን ቀን ካርታው ጥግ ላይ ጻፉ። የምታሳትሙትን ሰፈር ደግሞ አንዴ በእግር ዙሩት። ያያችሁትን ለውጥ የራሳችሁ ፋይል ላይ ብቻ አታርሙት፤ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አርሙና እንደገና አውርዱት። የሚቀጥለውን እትም ስትሠሩ ያቺው እርማት እዚያው ትጠብቃችኋለች።

ሁለተኛው፦ «ሠርቼ ብሸጠውስ?» ሽጡት። መረጃው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦዲቢኤል በሚባል ፈቃድ ነው የሚሰጠው፤ ንግድን አይከለክልም። የታተመው ካርታ የእናንተ ሥራ ነው፤ ዋጋውንም ዲዛይኑንም እናንተ ትወስናላችሁ። ሁለት ግዴታ አለባችሁ። ካርታው ላይ በሚነበብ ፊደል መረጃው ከኦፕንስትሪትማፕና ከአስተዋጽዖ አድራጊዎቹ የተገኘ መሆኑንና ፈቃዱን መግለጽ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የመረጃ ቋቱን ራሱን አሻሽላችሁ በሱ የሠራችሁትን ካርታ ለሕዝብ ካወጣችሁ፣ የተሻሻለውን መረጃ ለጠየቃችሁ በዚያው ፈቃድ መስጠት ነው። ቀለሙን፣ የመስመሩን ውፍረት፣ የፎንት ምርጫችሁን ለማንም አትሰጡም።